በልጁ ስም የተፈለገ ገበሬ

ጃንዋሪ 17 ቀን 1851 በአሜሪካ፣ በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት፣ ኮልስ በሚባለው አውራጃ፣ ከግንድ በተሠራ ቤቱ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ዐረፈ። ዕድሜውን ሙሉ ደን መንጥሯል፣ በቆሎ ዘርቷል፣ አሳማ አርብቷል፤ ከእርሻው ሲመለስም መጥረቢያና መላጊያ ይዞ የጎረቤቶቹን በርና ቁም ሣጥን፣ ሲሞቱም የሬሳ ሣጥናቸውን ሠርቷል። ከብዕር ጋር የነበረው ትውውቅ ስሙን በጭንቅ ከመፈረም አላለፈም። እንዲህ ያለ ሰው፣ ነገሩ እንደ ወትሮው ቢሄድ ኖሮ፣ ከልጅ ልጆቹ ትዝታ ጋር አብሮ የሚጠፋ፣ ስሙም በአንድ የግብር መዝገብ ጥግ አቧራ ለብሶ የሚቀር ነበር፤ ነገር ግን የዚህ ገበሬ ሐረገ ትውልድ የብዙ ነገሥታት ሐረግ ያልተመረመረውን ያህል ተመርምሯል። ቶማስ ሊንከን ይባል ነበርና፤ የልጁም ስም አብርሃም ነበርና።

ስለ ልጁ የተጻፈው መጽሐፍ ተራራ ያህላል፤ እኔም በዚያ ላይ አንዲት ጠጠር ለመጨመር አልተነሣሁም። ያነሣሣኝ አባትየው ነው፤ ይልቁንም ስለ ራሱ አንዲት መስመር ሳይጽፍ ያለፈ ሰው፣ ሌሎች ለሌላ ጉዳይ በጻፉት ወረቀት ውስጥ ሲፈለግ ምን መልክ ይዞ እንደሚገኝ ማሰብ ነው። (በዚህ ሐተታ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ስሞቹንም መጽሐፍ ቅዱስ ከሚያውቃቸው ጋር ሲገጥሙ እኛ እንደምንጠራቸው ጽፌአቸዋለሁ።) በዚያ ዘመን የአሜሪካ ገበሬ ወደ መዝገብ የሚገባባቸው በሮች ጥቂት ነበሩ፤ መሬት ሲገዛ፣ ግብር ሲከፍል፣ ሲያገባ፣ ሲካሰስ፣ ማኅበረ ምእመናን ሲቀበሉት ወይም ሲገሥጹት፣ በመጨረሻም ሲሞት። ባረሰበት፣ በዘራበት፣ ልጁን በትከሻው ተሸክሞ ወንዝ በተሻገረበት ቀን ጸሓፊ አልነበረም። እንግዲህ የትውልድ መርማሪ ሥራው በግብር ሰብሳቢና በዳኛ ዓይን ብቻ የታየውን ሰው ከእነዚያ ዓይኖች አውጥቶ እንደገና ሰው ለማድረግ መጣር ነው፤ ይህም ሥራ የትዕግሥትን ያህል ምሕረትን ይጠይቃል።

ከፈላጊዎቹ ሁሉ ከቀደሙት አንዱ ልጁ ራሱ ነበር። አብርሃም ሊንከን በ1848 የሕዝብ እንደራሴ ሆኖ በዋሽንግተን ተቀምጦ ሳለ፣ በማሳቹሴትስ፣ ሂንግም በምትባል ከተማ የሚኖር ሰሎሞን ሊንከን የተባለ ሰው ስለ ዘሩ ጠይቆ ነበርና፣ አያቱ አብርሃም በ1782 ገደማ ከቨርጂኒያ፣ ከሮኪንግም አውራጃ ተነሥቶ ወደ ኬንተኪ እንደ መጣ፣ ከሁለት ዓመት በኋላም የአሜሪካ ነባር ነዋሪዎች የሆኑት ቀይ ሕንዶች እንደ ገደሉት ጽፎ መለሰለት። ሁለት ዓመት ያለው አራት ነበር፤ የአያቱን አሟሟት በልጅነቱ ከአባቱ አፍ ደጋግሞ የሰማ ሰው እንኳ ዓመቱን ስቶታል። በዚያው ሰሞን በሮኪንግም ለሚኖር ዳዊት ሊንከን ለሚባል ሰውም ጽፎ ዝምድናቸውን አጣራ። ከዚያ ወደ ላይ ግን መንገዱ ተዘጋበት። በ1859 መጨረሻ የሕይወቱን ታሪክ ባጭሩ እንዲጽፍ በተጠየቀ ጊዜ፣ ወላጆቹ ስም ከሌላቸው ቤተ ሰቦች እንደ ተወለዱ፣ አባቶቹ ከፔንሲልቬንያ የመጡ፣ ኩዌከር የሚባለው የክርስትና ወገን ተከታዮች ናቸው እንደሚባል፣ ከሰሜኖቹ ሊንከኖች ጋር ለማገናኘት የተደረገው ሙከራም ሁሉ ሄኖክ፣ ሌዊ፣ መርዶክዮስ፣ ሰሎሞን፣ አብርሃም የሚሉት ስሞች በሁለቱም ወገን ከመደጋገማቸው በቀር ሌላ ፍሬ እንዳልሰጠ ገለጸ።

ለእርሱ ከንቱ የመሰለው የስም መመሳሰል ግን ከመዝገቦቹ ሁሉ ይበልጥ እውነተኛ ምስክር ነበር። ከሞተ በኋላ መርማሪዎች ከአውራጃ ወደ አውራጃ፣ ከኑዛዜ ወደ ኑዛዜ እየተከተሉ ክሩን አገኙት፤ በ1637 ከእንግሊዝ አገር፣ ከኖርፎክ፣ ሂንግም ከምትባል መንደር ባሕር ተሻግሮ በማሳቹሴትስ በስሟ በተሰየመችው ሂንግም የሰፈረ ሳሙኤል የሚባል ወጣት ሸማኔ ነበር፤ ሳሙኤል መርዶክዮስን ወለደ፤ መርዶክዮስም ወደ ኒው ጀርዚና ወደ ፔንሲልቬንያ የወረደውን ሁለተኛውን መርዶክዮስ ወለደ፤ ሁለተኛው መርዶክዮስም በ1768 ወደ ቨርጂኒያ የሄደውን ዮሐንስን፣ ዮሐንስም በኬንተኪ የተገደለውን አብርሃምን፣ አብርሃምም ቶማስን፣ ቶማስም አብርሃምን ወለደ። ሰባት ትውልድ ነው፤ እኛ ለጋብቻ ስንመክር የምንቆጥረው ሰባት ቤት በትክክል ማለት ነው። መልሱ በ1848 ጥያቄው በተነሣባት በዚያችው ከተማ ተቀምጦ ነበር፤ ጠያቂውም ተጠያቂውም ግን አላወቁትም። ለቅድመ አያቶቻቸው ክብር ብለው የሰውን ስም ለልጆቻቸው እየመለሱ የሚያወርሱ ገበሬዎች፣ ማንበብ ባይችሉም፣ መጽሐፍ እንደ ጻፉ ይቆጠርላቸዋል።

ስለ አያትየው ስለ አብርሃም አሟሟት ግን ጥቂት ልቆይ እወዳለሁ። በሜይ ወር 1786 ከሦስት ወንዶች ልጆቹ ጋር በእርሻው ሳለ ከጫካው በተተኮሰ ጥይት ወደቀ። በቤተ ሰቡ ሲተረክ እንደ ኖረው፣ በኵሩ መርዶክዮስ ጠመንጃ ለማምጣት ወደ ቤት፣ መካከለኛው ኢዮስያስም ርዳታ ለመጥራት ወደ ምሽግ ሲሮጡ፣ የስምንት ዓመቱ ቶማስ በአባቱ ሬሳ አጠገብ ብቻውን ቀረ፤ አንድ ሕንድ ቀርቦ ሊይዘው ባለ ጊዜ መርዶክዮስ ከቤቱ ሆኖ ተኩሶ ገደለው። ይህ ታሪክ ሲነገር የሰው ልብ ሁሉ የሚያተኩረው በጥይቱ ላይ ነው፤ የቶማስን ሕይወት ይበልጥ ያቆሰለው ግን ከጥይቱ በስተ ኋላ የመጣው ሕግ ነበር። ኬንተኪ ያን ጊዜ የቨርጂኒያ ክፍል ነበረች፤ በቨርጂኒያም ሳይናዘዝ የሞተ ሰው መሬት በሕገ ብኵርና ለታላቁ ወንድ ልጅ ብቻ ይተላለፍ ነበር። ሕጉን የሚሽር ዐዋጅ በ1785 ተደንግጓል፤ በሥራ ላይ የሚውለው ግን ከጃንዋሪ 1 ቀን 1787 ጀምሮ ነው። ሟቹ በኬንተኪ ከአምስት ሺህ ኤከር በላይ መሬት አስመዝግቦ ነበር፤ ገዳዩ ሰባት ወር ያህል ቢዘገይ ኖሮ ቶማስ ከወንድሞቹ ጋር ተካፍሎ ባለ ርስት ይሆን ነበር፤ ስላልዘገየ ግን ትምህርት ሳያገኝ፣ ከቤት ወደ ቤት እየተንከራተተ ለሰው በቀን የሚሠራ ልጅ ሆኖ አደገ። ኤሳው ብኵርናውን በምስር ወጥ የሸጠው ርቦት ነበር፤ ይህ ሕፃን ግን ሲርበው የሚሸጠው ብኵርና እንኳ አልነበረውም። ሰባት ወር! የሰነፍነት ወሬ በሚወራበት ሰው ላይ ከመፍረዳችን በፊት በሕይወቱ መግቢያ ላይ የተቀመጠችውን ይህችን ጠባብ ክፍተት መለካት ይገባን ነበር።

ተፈርዶበታልና። ልጁ በ1865 ከተገደለ በኋላ የጥብቅና ሽርካው የነበረው ዊልያም ሄርንደን በየመንደሩ እየዞረ የሽማግሎችን ቃል ሰበሰበ፤ በ1889 ባሳተመው መጽሐፍም፣ ሌሎች ጸሓፊዎችም ከዚያው ከለቀሙት ወሬ በሠሩት ድርሰት፣ ቶማስ ከአንዱ ወና መሬት ወደ ሌላው የሚዞር ሰነፍና ዓላማ ቢስ ሆኖ ተሣለ። ይህ የሥዕል ጥበብ ነው፤ ብርሃን እንዲጎላ የሚፈልግ ሠዓሊ ከበስተ ጀርባው ጥቁር ይቀባል፤ ልጁ ከምድር ወደ ሰማይ የወጣ እንዲመስልም አባቱ ዝቅ ማለት ነበረበት። በሥዕሉ ሲጠቀም የኖረው ሁሉ ጊዜ ወስዶ የኬንተኪን የፍርድ ቤት መዝገብ ቢገልጥ ኖሮ ቀለሙን ባቀለለ ነበር። ይህን ትዕግሥት ያሳየው ሉዊስ ዋረን የተባለ መርማሪ ነው፤ በ1926 ባወጣው መጽሐፍ ከአውራጃ መዛግብት ሰብስቦ እንዳሳየው፣ ይህ ሰነፍ የተባለው ሰው በ1803፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜው፣ 238 ኤከር መሬት በ118 ፓውንድ ገዝቷል፤ በጁሪነት ተቀምጦ ፈርዷል፣ በሚሊሻ አገልግሏል፣ እስረኛ ጠብቋል፣ ለፈረሶቹም ግብር ከፍሏል። ስሙ በየመዝገቡ ሊንክሆርን እየተባለ ጭምር ተጽፎ ስለ ነበር በመጀመሪያ የፈለጉት ሰዎች አንዳንዱን ሳያውቁት አልፈውታል። ራሱ ያልጻፈው ስም በሰማው ጸሓፊ ጆሮ መጠን ይጻፋል፤ በዚያ ዘመን የድኻ ስም አንድ መልክ አልነበረውም።

ከመዝገቦቹ ሁሉ ደግሞ ይበልጥ የሚናገሩት የሙግቶቹ ናቸው። በኬንተኪ መሬት የሚለካው መንግሥት አስቀድሞ ሳይቀይሰው፣ ገዢው ራሱ ባመጣው ቀያሽ፣ ከወንዙ መገናኛ እስከ ነጩ ባሉጥ፣ ከባሉጡም ምልክት እስካለበት ድንጋይ እየተባለ ነበር፤ ባሉጡ ሲወድቅ፣ ወንዙም አቅጣጫ ሲለውጥ ድንበሩ አብሮ ይጠፋል፤ አንዱ ያስመዘገበው መሬት በሌላው ላይ እንደ ጣራ ክዳን ተደራርቦ ይገኛል። በዚህም ምክንያት ቶማስ የመጀመሪያውን እርሻውን ሲሸጥ 238 ኤከር ብሎ የገዛው 200 ኤከር ብቻ ሆኖ ተገኘና ከገዛበት ዋጋ 18 ፓውንድ አንሶ 100 ፓውንድ ተቀበለ። በዲሴምበር 1808 ሦስት መቶ ኤከር ያህል መሬት በ200 ዶላር ገዝቶ በሲንኪንግ ስፕሪንግ ሰፈረ፤ ልጁ አብርሃም በፌብሩዋሪ 12 ቀን 1809 የተወለደው በዚያ ነው፤ ያም መሬት ቀድሞ በነበረበት ዕዳ ምክንያት በሙግት ከእጁ ወጣ። ከዚያ በ1811 ወደ ኖብ ክሪክ ወርዶ ሲያርስ፣ ከሩቅ የመጡ ባለ መብቶች ነን ባዮች እርሱንና ጎረቤቶቹን መሬቱን ልቀቁ ብለው ከሰሷቸው። ልጁ በኋላ እንደ ገለጸው አባቱ ኬንተኪን የለቀቀው በከፊል ስለ ባርነት፣ በይበልጥ ግን ስለ መሬት ባለቤትነት ጭንቀት ነው።

በ1816 መጨረሻ የኦሃዮን ወንዝ ተሻግሮ ኢንዲያና ገባ። በዚያ በኩል ምድሩ በ1785 በወጣው ሕግ መሠረት አስቀድሞ በቀያሾች ሰንሰለት ተለክቷል፤ እኛ ቀላድ እንደምንለው ማለት ነው፤ ስድስት ማይል በስድስት ማይል በሆነ አራት ማዕዘን እየተከፈለ፣ ያም በ36 ክፍል፣ እያንዳንዱ ክፍል 640 ኤከር ሆኖ ተደልድሏል። ቶማስ በኦክቶበር 1817 በቪንሴንስ ከተማ በሚገኘው የመሬት ጽሕፈት ቤት ቀርቦ የክፍሉን ሩብ፣ 160 ኤከር፣ ኤከሩን በ2 ዶላር ሒሳብ በዱቤ ያዘ፤ ከዐሥር ዓመት በኋላም ግማሹን መልሶ በቀረው 80 ኤከር ላይ የሙሉ ባለቤትነት ማረጋገጫውን ተቀበለ። ይህን ቁጥር በሰፊው የጻፍሁት አንባቢን ለማድከም አይደለም፤ ይህ ሰው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም የማይነቅለው ድንበር ያገኘበት በመሆኑ ነው። ሆኖም አንድ ነገር አስተውሉ። በሰላም ገዝቶ፣ በሰላም አርሶ፣ በሰላም ለልጁ አውርሶ የሞተ ጎረቤት በመዝገብ ሁለት መስመር ቢተርፈው ነው፤ ቶማስ ሊንከንን ዛሬ በደኅና የምናውቀው ግን ስለ ተበደለ ነው። ድኻ ያደረገው ሙግት የማይረሳ አደረገው። ከዚህ ልውውጥ ትርፍና ኪሳራውን ማን ያሰላዋል?

ይህን ያህል ስለ እርሱ ካልሁ ዘንድ፣ ከአጥሩ ማዶ ስለ ነበሩት ሰዎች ዝም ብዬ ብሄድ ፍትሕ አጎድላለሁ። በአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ከ1790 ጀምሮ በየዐሥር ዓመቱ ይደረግ ነበር፤ እስከ 1840 ድረስ በስሙ የሚጻፈው የቤቱ አለቃ ብቻ ሲሆን ሚስትና ልጆች በዕድሜና በጾታ እየተመደቡ ቁጥር ብቻ ነበሩ። በ1850 ግን ነጻ የሆነ ሰው ሁሉ፣ የዕለት ሕፃን ሳይቀር፣ በየስሙ ተጻፈ፤ በሌላ ሰንጠረዥም ገበሬው ስንት ኤከር እንዳለማ፣ ስንት ፈረስ፣ ስንት የሚታለብ ላም፣ ስንት የእርሻ በሬ፣ ስንት አሳማ እንዳለው፣ ስንት ቡሽል ስንዴና በቆሎ እንዳገኘ ይጠየቅ ነበር። ለትውልድ መርማሪ ይህ ዓመት እንደ ንጋት ነው። ዳሩ ግን በዚያው ዓመት፣ በዚያው መንግሥት፣ ለባሮች የተዘጋጀ ሦስተኛ ሰንጠረዥ ነበር፤ በእርሱ ላይ የጌታው ስም ይጻፋል፤ በሥሩም ዕድሜ፣ ጾታ፣ የቆዳ ቀለም፤ ስም ግን የለም። ያንኑ በቆሎ የዘሩና ያጨዱ ሰዎች ናቸው። ከእነርሱ የተወለደ ሰው ዛሬ የገበሬ አያቱን ቢፈልግ፣ ነጻ የወጡት ሁሉ በየስማቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ተቆጠሩበት እስከ 1870 ድረስ በደኅና ይሄድና ከዚያ ቅጥር ላይ ይቆማል፤ ቅጥሩን ለማለፍ የጌታውን ስም ማወቅ፣ የጌታውንም ኑዛዜና የንብረት ዝርዝር አውጥቶ ሰው ከፈረስና ከማረሻ ተራ በዋጋ ተጽፎ በሚገኝበት ገጽ ላይ የቅድመ አያቱን ስም መፈለግ አለበት። ቶማስ ሊንከን የተበደለ ገበሬ ነበር ብያለሁ፤ ቃሌን አላጥፍም። ነገር ግን በየመዝገቡ ስሙን አጣመው የጻፉትና ስሙን ጨርሰው ያልጻፉት እኩል አይደሉም።

ሌላው ጨለማ በሴቶቹ በኩል ያለው ነው። የቶማስ የመጀመሪያ ሚስት ናንሲ ሃንክስ በኦክቶበር 5 ቀን 1818፣ ላሞች መርዛም ቅጠል ሲበሉ በወተት በኩል ወደ ሰው በሚያልፈው በሽታ ሞተች፤ ሣጥኗን የሠራው ባሏ ነው። በዲሴምበር 2 ቀን 1819 በኬንተኪ፣ በሃርዲን አውራጃ ባል የሞተባትን ሣራ ቡሽ ጆንስተንን አገባ። ልጁ ዝነኛ በሆነ ጊዜ ሰዎች በሃርዲን አውራጃ መዝገብ ሲፈልጉ ያገኙት ይህን ሁለተኛውን ጋብቻ ብቻ ሆነ፤ የመጀመሪያው ስላልተገኘም ጠላቶቹ ፕሬዚዳንቱ ዲቃላ ነው እያሉ አወሩ። ወረቀቱ የነበረው በሌላ አውራጃ፣ በዋሽንግተን አውራጃ ፍርድ ቤት ነው፤ ቶማስና ናንሲ በጁን 12 ቀን 1806 በሜቶዲስቱ ሰባኪ በጄሲ ሄድ እጅ እንደ ተጋቡ የሚመሰክረው ሰነድ በ1878 ወጣ። ልጁ ከሞተ ዐሥራ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር። አንድ ሰው የእናቱን ጋብቻ ማስረጃ ሳያይ፣ ማስረጃውም በሌላ አውራጃ በሣጥን ተቆልፎ ሳለ መሞቱ፣ መዝገብ የሚባለው ነገር መጥፎ ወዳጅ መሆኑን ያስረዳል፤ አይዋሽም፣ ግን በተቸገርህ ጊዜ አይደርስልህም።

የናንሲ የራሷ ልደት ደግሞ ከዚህ የጠለቀ ጉዳይ ሆነ። ሄርንደን እንደ ጻፈው፣ ሊንከን አንድ ቀን በጋሪ አብረው ሲጓዙ እናቱ ሉሲ ሃንክስ ከምትባል ሴት ከጋብቻ ውጪ እንደ ተወለደች ነግሮት ነበር፤ ሌሎች መርማሪዎች ግን ይህን ክደው ሌላ ሐረግ አቆሙላት፤ ክርክሩም ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ። የሴት ስም በጋብቻ ሲለወጥ፣ መሬቱ በባልዋ ስም ሲመዘገብ፣ ግብሩንም እርሱ ሲከፍል፣ እናቶች ከወረቀት ላይ እንደ ጤዛ ይተናሉና የሚያስታርቅ ሰነድ አልተገኘም። ነገሩን በ2015 ያቀለለው ወረቀት ሳይሆን ሥጋ ነው። ከእናት ወደ ልጅ ብቻ የሚተላለፍ የዘር ምልክት በሰው ደም ውስጥ አለ፤ ተመራማሪዎች በሴት ሐረግ ብቻ የወረዱትን የሃንክስ ቤት ዘመዶች አነጻጽረው ናንሲ የሉሲ ልጅ ናት የሚለውን አጸኑ። ጸሓፊዎች ሁሉ ወንዶች በሆኑበት ዘመን እናቶች የራሳቸውን መዝገብ በልጆቻቸው ሥጋ ውስጥ ይዘው ነበር ማለት ነው። አባቷ ማን እንደ ነበረ ግን ይህ መዝገብ አይናገርም።

የአሜሪካ ገበሬ ቤት የራሱ የሆነ አንድ መዝገብ ነበረው፤ እርሱም መጽሐፍ ቅዱስ ነው። በብሉይና በሐዲስ መካከል ባዶ ቅጠሎች ይተዉ ነበር፤ የቤቱ ሰው በእነዚያ ላይ ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን ይጽፋል፤ ከሚልክያስና ከማቴዎስ መካከል፣ ማለት የዳዊት ልጅ የአብርሃም ልጅ እየተባለ የትውልድ መጽሐፍ ከሚጀመርበት ገጽ አስቀድሞ፣ የአንድ ተራ ቤተ ሰብ ትውልድ ይገባል። ከዘመቻ የተመለሱ ወታደሮች ሚስቶች ባላቸው ሲሞት ጡረታ ለመጠየቅ ጋብቻቸውን ማስረዳት ነበረባቸውና፣ ሌላ ምስክር ያጡት ይህንኑ ቅጠል ከመጽሐፉ ቀድደው ለመንግሥት ላኩ፤ ብዙዎቹ ቅጠሎች ዛሬም በዋሽንግተን ቤተ መዛግብት ውስጥ ናቸው። ያቺ መበለት ቅጠሉን ስትቀድድ የተሰማትን የሚገልጽ መዝገብ አልተዘጋጀም። በቶማስ ሊንከን ቤትም እንዲህ ያለ መጽሐፍ ነበረ፤ ጽሕፈቱ ግን የቶማስ አይደለም፤ የልጁ የአብርሃም ነው።

እዚህ ላይ ሳልወድ ወደ ልጁ እመለሳለሁ። በጃንዋሪ 1851 አባቱ በጠና መታመሙን ሲነግሩት፣ በጃንዋሪ 12 ቀን ለእንጀራ ወንድሙ በጻፈው ደብዳቤ፣ ሥራ እንደ በዛበት፣ ሚስቱም ወልዳ እንደ ተኛች ገልጾ፣ አሁን ቢገናኙ መገናኘታቸው ከደስታ ይልቅ ሕመም እንዳይሆን እንደሚጠራጠር፣ ነገር ግን አባቱ ድንቢጥ ስትወድቅ የሚያየውን፣ የራሳችንንም ጠጉር የሚቆጥረውን ፈጣሪ እንዲጠራ ነገረው። አባቱ ከአምስት ቀን በኋላ ሞተ፤ ልጁ ለቀብሩ አልሄደም። በመካከላቸው የነበረውን ነገር ሊቃውንት ሲተነትኑት ይኖራሉ፤ እኔን የሚገርመኝ ግን ቃሉ ነው። የግብር ሰብሳቢዎች ፈረሱን የቆጠሩለት፣ ቀያሾች ኤከሩን የቆጠሩለት፣ የመንግሥት ቆጣሪዎች ቤቱን የቆጠሩለት ሽማግሌ በሞት አፋፍ ላይ ሳለ፣ ልጁ ሌላ ቆጣሪ እንዳለ አሳሰበው።

ትውልድ ፍለጋ በተለምዶ ከታች ወደ ላይ ነው፤ የልጅ ልጅ የአያቱን ደጅ ያንኳኳል። የቶማስ ሊንከን ግን በታች በኩል ተቋርጧል። በስሙ የተጠራው ታናሽ ወንድ ልጁ በሕፃንነት ሞተ፤ ሴት ልጁ ሣራ በ1828 በወሊድ ሞተች፤ የአብርሃም ዘር የመጨረሻው የልጅ ልጅ ልጅ በ1985 ዘር ሳይተካ ዐረፈ። እንግዲህ ሰባቱን ቤት የቆጠሩለት፣ ፓውንዱን ያሰሉለት፣ ከሰነፍነት ስም ያወጡት ሁሉ ባዕዳን ናቸው፤ እነርሱም ቢሆኑ የመጡት ለእርሱ ብለው አልነበረም። ለእርሱ ብሎ የመጣ ሰው ቢኖር ኖሮ ከመዝገቡ ይልቅ በኢንዲያና የተረፉትን፣ በእጁ ጠርቦ ያገጣጠማቸውን የማዕዘን ቁም ሣጥኖች በዳሰሰ ነበር እላለሁ፤ በሰነድ ላይ በጭንቅ የፈረመው እጅ በእንጨት ላይ ሲጽፍ አልተንገዳገደምና።

አብርሃም ሊንከን በ1861 መጀመሪያ፣ ወደ ዋሽንግተን ከመሄዱ በፊት፣ እንጀራ እናቱን ሊሰናበት ወደ ኮልስ አውራጃ ወርዶ የአባቱን መቃብር አየ። ከዚያ በፊት ግን፣ ለቀብሩ ባልሄደበት ዘመን፣ ሁለት ነገር አድርጎ ነበር። በአባቱ መጽሐፍ ቅዱስ ቅጠል ላይ የልደቱንና የዕረፍቱን ቀን በራሱ እጅ ጻፈ፤ ኤፕሪል 4 ቀን 1853 አራተኛው ወንድ ልጁ በተወለደ ጊዜም ስሙን ቶማስ አለው።